«ተቀናብሯል!» ብዬ የፈረድኩበት ፎቶ

እዚህ ገጽ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፈው ተበዳይ ነው። ከዳችኝ፣ ጥሎኝ ሄደ፣ ገንዘቤን በላች... እኔ ግን ዛሬ የምጽፍላችሁ በዳይ ሆኜ ነው። ያውም የበደልኩት በኮምፒዩተር ነው። አትሳቁ! እስከ መጨረሻው ስሙኝና ከዚያ ፍረዱ።

ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። የምተዳደረው በፎቶ ነው። አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ የሠርግ፣ የምርቃት፣ የክርስትና ፎቶ አስተካክላለሁ። ብጉር አጠፋለሁ፣ የጠቆረውን አበራለሁ፣ ዓይኑን የጨፈነ አጎት ካለ ከሌላ ፎቶ ዓይኑን አምጥቼ እገልጥለታለሁ። «የሞተ አባታችንን ከእኛ ጋር አቁምልን» ብለው የሚመጡም አሉ፤ አቆማለሁ። እንግዲህ ቀኑን ሙሉ ሲያቀናብር የሚውል ሰው የሌላውን ቅንብር መለየት አያቅተውም ብላችሁ ትገምታላችሁ። እኔም እንደዚያው ነበር የገመትኩት።

አንዲት ታናሽ እህት አለችኝ። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቤተሰብ ተስማምቶ፣ ሠርጓ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ቀን ተቆርጦ ነበር። ልጁን ሁላችንም እንወደዋለን። እናቴማ ከእኔ አብልጣ ነው የምትወደው፤ ይህን ስል ቅናት አይደለም፣ ሐቅ ነው።

አንድ ማክሰኞ ማታ ከሥራ ስገባ እህቴን በሬ ላይ ቆማ አገኘኋት። ፊቷ አመድ መስሏል። «ምን ሆንሽ?» ብላት መልስ የለም። ገባች፣ ተቀመጠች፣ ስልኳን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። «ወንድም ጋሼ፣ ይሄን እይልኝ። አንተ ታውቃለህ።»

ከማታውቀው ሰው በቴሌግራም የተላከ ነው። ጽሑፉ አንድ መስመር ናት፤ «ሰውየሽ ባለትዳር ነው፤ ሳትሞኚ ንቂ።» ከሥሩ ፎቶ አለ። የእህቴ እጮኛ ጥቁር ሱፍ ለብሶ፣ ደረቱ ላይ አበባ ሰክቶ፣ ቬሎ ከለበሰች ቆንጆ ሙሽራ ጎን ቆሞ ይስቃል። ከኋላቸው ሐይቅ ይታያል።

ጤነኛ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ምን ያደርጋል? ስልኩን አንስቶ «ይሄ ምንድነው?» ብሎ ባለቤቱን ይጠይቃል። እህቴ ግን «ብጠይቀው ቢክደኝስ? ውሸት ከሆነ ደግሞ ተጠራጠረችኝ ብሎ ቢቀየመኝስ?» አለች። እኔም እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። ታላቅ ወንድም፣ ባለሙያ፣ ተፈላጊ! «ተይው፣ እኔ አለሁልሽ። ኮምፒዩተር አይዋሽም» አልኳትና ላፕቶፔን ከፈትኩ።

«ኤረር ሌቭል አናሊሲስ» የሚባል የፎቶ መመርመሪያ አለ። በነጻ ነው። ፎቶውን ስትጭኑበት መልሶ ጠቆር ያለ ምስል ይሰጣችኋል፤ ከጨለማው መሐል አንዳንድ ቦታ ብልጭ ብልጭ ይላል። «የበራው ቦታ ተነካክቷል» ሲባል ከአንድ ጓደኛዬ ሰምቼ ነበር። ስለ መሣሪያው የማውቀው ይህችን ብቻ ነው። ፎቶውን ጫንኩት። እናንተዬ! ሙሽራዋ እንደ ደመራ ቦግ አለች። ዳንቴሏ፣ ፈርጧ፣ የዓይነ ርግቧ ጠርዝ በሙሉ ይበራል። እሱ ደግሞ በጥቁር ሱፉ ጨለማ ውስጥ ቆሟል።

«አየሽ? ሙሽራዋን ከሌላ ቦታ አምጥተው ለጥፈዋታል» አልኳት። ይህ አልበቃኝም። ብርሃኑንም መረመርኩ። እሷን ብርሃን የመታት ከግራ ነው፣ እሱን ከቀኝ። «እንዴት ሁለት ፀሐይ ይኖራል?» አልኩ። ከዚያ ደግሞ በፎቶው ግራ ጠርዝ ላይ የሙሽራዋን ወገብ የያዙ ሦስት ጣቶችና የእጅጌ ቁራጭ አየሁ። «ይሄ ከሌላው ፎቶ ስትቆረጥ አብሮ የመጣ ትርፍ ነው። ማጥፋት ረስተውታል፤ ቸኩለው ነው የሠሩት» ብዬ ተረጎምኩት። እህቴ አልቅሳ አቀፈችኝ። የደስታ ለቅሶ ነበር።

እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩ። ግን ሰው «ተቀናብሯል» ካለ በኋላ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ማን አቀናበረው?» ነው። እህቴ ከልጅነቷ ጀምሮ አብራት ያደገች ጓደኛ ነበረቻት። እኛ ቤት በልታ፣ እኛ ቤት አድራ ያደገች ልጅ ናት፤ እኔንም «ወንድም ጋሼ» እያለች ነው የምትጠራኝ። ግራፊክስ ተምራ ማተሚያ ቤት ትሠራለች፤ የሠርግ መጥሪያ ካርድ፣ ባነር፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን። በዚያው ሰሞን በሚዜነት ጉዳይ ከእህቴ ጋር ትንሽ ተቀያይመው ነበር። እኔ ስሟን አልጠራሁም። «ይሄን የሚሠራ ሰው ፎቶሾፕ የሚችልና ቤታችሁን የሚያውቅ ነው» ብቻ ነው ያልኩት። ከዚህ በላይ ስም መጥራት አለ እንዴ?

እህቴ በማግስቱ ደወለችላት። ምን እንደተባባሉ ሙሉውን አልሰማሁም። «ወንድሜ በመሣሪያ አይቶታል!» ስትል ግን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የሃያ ዓመት ጓደኝነት በአራት ደቂቃ ስልክ አለቀ።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ልጅቱ እልህ ይዟት ይሁን ተስፋ ቆርጣ፣ ለእጮኛው ራሷ ደውላ «ባልሠራሁት ስሜ ጠፋ» ብላ ነገረችው። እሱም እኛ ቤት መጣና ፎቶውን አምጡ አለ። አየው። ሳቀ! «ይሄማ የጓደኛዬ ሠርግ ነው፤ ሐዋሳ፣ 2011 ዓ.ም.። ሚዜ ነበርኩ» አለና እዚያው ስልኩን አውጥቶ ለሙሽራው ጻፈለት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ዋናው ፎቶ መጣ። ከሙሽራዋ በስተግራ ሙሽራው ቆሟል። ወገቧን ይዟል። በሦስት ጣት ሳይሆን በሙሉ እጁ!

ፎቶው ላይ የተለጠፈ አንዳች ነገር አልነበረም። አንድ ሰው ሙሽራውን በመቁረጥ ብቻ፣ ስልክ ላይ በጣት ሳብ በማድረግ፣ ሁለት ሰከንድ በማይፈጅ ሥራ አስወጥቶታል። የዋሸችው ከላይ ያለችው አንዷ መስመር ጽሑፍ ናት። ልጁ ሳቁን ጨርሶ ዝም አለ። ከዚያ እህቴን «ሦስት ሳምንት ሙሉ ፊቴን በኮምፒዩተር ስታስመረምሪ ነበር? እኔን አንድ ቃል መጠየቅ አቅቶሽ?» አላት። እኔን ቀና ብሎም አላየኝ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ነው እንግዲህ ያ መሣሪያ በእርግጥ ምን እንደሚሠራ ቁጭ ብዬ የተማርኩት። ጅብ ከሄደ... የሚባለው ተረት ለእኔ የተተረተ ነው። ለእናንተ ግን ጅቡ ገና አልመጣ ይሆናልና ላስረዳችሁ።

ስልካችን ፎቶ የሚያስቀምጠው ብዙውን ጊዜ ጄፔግ በሚባለው መንገድ ነው። ጄፔግ ምስሉን ስምንት በስምንት ፒክስል በሆኑ ትንንሽ ካሬዎች ከፋፍሎ ይጨምቀዋል። በተጨመቀ ቁጥር ጥቂት ነገር ይጥላል። ልብስ አጥባችሁ ስትጨምቁ አስቡት። መጀመሪያ ብዙ ውኃ ይወጣዋል፣ ሁለተኛ ትንሽ፣ ሦስተኛ አራተኛ ላይ ጠብ አይልም። መሣሪያው የሚያደርገው ፎቶውን በሚታወቅ መጠን፣ ለምሳሌ በ95 በመቶ ጥራት፣ አንዴ ደግሞ ጨምቆ «ውኃው ከየት ወጣ?» ብሎ ማሳየት ነው። ብዙ ውኃ የወጣበት ቦታ ይበራል። በብዙ የተጨመቀ ፎቶ ላይ አዲስ ነገር ከተለጠፈ አዲሱ ገና አልተጨመቀምና ይበራል። ሐሳቡ ይኸው ነው፤ መጥፎ ሐሳብም አይደለም።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ጋቢና ሻሽ አብራችሁ ብታጥቡ፣ እኩል ብትጨምቁ፣ ጋቢው አሁንም ውኃ ያዘለ ነው። ፎቶም እንደዚያው። ዳንቴል፣ ፈርጥ፣ የዛፍ ቅጠል፣ ጽሑፍ፣ ነጭና ጥቁር የሚገናኙበት ጠርዝ፣ እነዚህ ሁሉ ማንም ሳይነካቸው ይበራሉ። ጥቁር ሱፍ፣ ጥርት ያለ ሰማይ፣ የተቀባ ግድግዳ ደግሞ ይጨልማሉ። ስለዚህ የሚነጻጸረው ጋቢ ከጋቢ ጋር ነው፤ ጠርዝ ከጠርዝ፣ ፊት ከፊት፣ ልብስ ከሚመስለው ልብስ። እኔ ዳንቴልን ከሱፍ ጋር አወዳድሬ ሰው ኮነንኩ። በኋላ ያንኑ ምስል ከፍቼ የሙሽራዋን ፊት ከእሱ ፊት ጋር ሳስተያየው ልዩነት የለውም። የሸሚዙ ኮሌታና የዓይነ ርግቧ ጠርዝም እኩል ነው የሚበሩት። ማስረጃው ያን ማክሰኞ ማታም እዚያው ፊቴ ላይ ነበር። የሚያናድደው ደግሞ የመሣሪያው ድረ ገጽ ላይ አጠቃቀሙን የሚያስረዳ ትምህርት አለ፤ ይህንኑ ጠርዝን ከጠርዝ የሚለውን ነገር ይናገራል። ግን መመሪያ ማን ያነባል? አዲስ ምጣድ ስንገዛ እንኳን አናነብም።

ሌላም አለ። ያ ፎቶ ከቴሌግራም የወጣ ነው። ቴሌግራም፣ ዋትስአፕ፣ ፌስቡክ ፎቶ ስትልኩባቸው እንደገና ያሳንሱታል፣ ይጨምቁታል። ከእጅ ወደ እጅ የዞረ ፎቶ ሁሉም ነገሩ አንድ ላይ ደጋግሞ ተጨምቋል። በእርግጥ የተለጠፈ ነገር ቢኖርበት እንኳ ምልክቱ ሊጠፋ ይችላል። ስክሪንሹት ከሆነማ ባትደክሙ ይሻላል።

መቆረጥንስ ያሳያል? አያሳይም! የተቆረጠው ሙሽራ ፎቶው ውስጥ የለም፤ የሌለ ነገር እንዴት ይበራል?

ይህን መመርመሪያ እ.ኤ.አ. በ2007 ያስተዋወቀው ኒል ክራዌትዝ የሚባል አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ባለሙያ ነው። እሱ ራሱ እንኳ ክርክር ውስጥ ገብቷል። ፖል ሃንሰን የተባለው ስዊድናዊ ፎቶ አንሺ በኅዳር 2012 እ.ኤ.አ. ጋዛ ውስጥ የሁለት ሕጻናት ቀብር አንስቶ የዓለም ፕሬስ ፎቶ የዓመቱን ሽልማት አሸነፈ። በግንቦት 2013 እ.ኤ.አ. ክራዌትዝ «ከተለያዩ ፎቶዎች የተገጣጠመ ነው» አለ። ዓለም ተንጫጫ። አዘጋጆቹ ምን አደረጉ? ካሜራው መጀመሪያ የመዘገበውን ያልተነካ ፋይል ከፎቶ አንሺው ተቀብለው ለገለልተኛ ባለሙያዎች ሰጡ። መልሱ ቀለሙና ብርሃኑ ተስተካክሏል እንጂ ከሌላ ፎቶ የተገጠመ ነገር አልተገኘበትም የሚል ሆነ። ዋናው ፋይል ሲመጣ ክርክሩ መልክ ያዘ። እኛም ቤት ነገሩን የፈታው ከሐዋሳው ሙሽራ የመጣው ዋናው ፎቶ ነው።

ሁለተኛው ታሪክ ደግሞ ለእኔ ተብሎ የተቀመጠ ነው የሚመስለው። በሐምሌ 2014 እ.ኤ.አ. የማሌዥያ የመንገደኞች አውሮፕላን ምሥራቅ ዩክሬን ላይ ተመትቶ ወደቀ። ሩሲያ የሳተላይት ፎቶዎች አወጣች። ቤሊንግካት የሚባል የመርማሪዎች ቡድን በ2015 እ.ኤ.አ. እነዚያን ፎቶዎች በዚሁ ኤረር ሌቭል አናሊሲስ ጭምር መርምሮ «ተነካክተዋል» አለ። የንስ ክሪዘ የተባለ ጀርመናዊ የፎቶ ምርመራ ባለሙያ ታዲያ ለሽፒገል መጽሔት በሰጠው ቃለ ምልልስ ይህ ዘዴ ሳይንስ ሳይሆን የቡና አተላ ንባብ ነው አለ። ስኒ ማንበብ ማለቱ ነው! ጀርመኖችም ስኒ ያነባሉ ለካ። ሪፖርቱ ግን በዚህ ብቻ አልቆመም ነበር፤ የቦታውን ሁኔታ ከሌሎች የሳተላይት ፎቶዎች ጋር አስተያይቶ ቀኑ እንደማይገጥም አሳይቷል። ጠንካራው ማስረጃ ያኛው ነው፤ ለመረዳትም ዓይንና ትዕግሥት እንጂ የሚያበራ መሣሪያ አይጠይቅም።

ስኒ አንባቢ እናት ቤት ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? «አንድ ጠቆር ያለ ሰው ይታየኛል» ሲሏችሁ ጠቆር ያለውን ሰው ስም የምትሰጡት እናንተው ናችሁ። እኔም የበራ ቬሎ አየሁ፤ ስሙን ያወጣነው እኔና እህቴ ነን። ውሸት እንዲሆን ፈልገን ነበርና ውሸት ሆነ።

«ሁለት ፀሐይ» ያልኩትስ? ይህን ሳስታውስ አፍራለሁ። ሐይቅ ዳር ሙሽራ ስናነሳ ረዳቱ አንጸባራቂ ሰሌዳ ይዞ በሌላ በኩል ብርሃን እንደሚመልስ እኔ ስንት ዓመት የሠራሁበት ነው። ጥላ በዓይን ሲታይ ሰው ይሸውዳል። የኬኔዲ ገዳይ የተባለው ሊ ሃርቪ ኦስዋልድ ጓሮ ውስጥ ጠመንጃ ይዞ የተነሳው ፎቶ «ጥላው አይገጥምም» እየተባለ ለአሥርት ዓመታት ሲወገዝ ኖሯል። ሃኒ ፋሪድ የተባለ ተመራማሪ በ2009 እ.ኤ.አ. በኮምፒዩተር ሞዴል ሠርቶ ሲፈትሸው ጥላዎቹ ሁሉ ከአንድ ፀሐይ ሊመጡ እንደሚችሉ አሳየ።

እንግዲህ ነገ እናንተም ስልክ ላይ እንዲህ ያለ ጉድ ቢመጣ፣ ከሁሉ በፊት ፎቶው ውስጥ ያለውን ሰው ጠይቁ። አዎ፣ ሊዋሽ ይችላል። ግን የሚናገረው ነገር የሚጣራ ነው፤ የማን ሠርግ፣ የት፣ መቼ፣ ሌላ ማን ነበር? ቀጥሎ ላኪውን ዋናውን ፋይል ጠይቁ። በቴሌግራም «እንደ ፋይል» ከተላከ ሳይጨመቅ እንዳለ ይመጣል፤ ፎቶው የተነሳበትን ቀንና የካሜራውን ዓይነት የያዘው መረጃም አብሮ ሊመጣ ይችላል። በፎቶነት ከተላከ ግን ያ መረጃ ይራገፋል፤ ስለዚህ መረጃ የለውም ማለት ተቀናብሯል ማለት አይደለም። መረጃው ላይ «ፎቶሾፕ» የሚል ቢገኝም አትደንግጡ፤ እኔ የማስረክበው የሠርግ ፎቶ ሁሉ እንደዚያ የሚል አለበት። ቀኑም ቢሆን የሚቀየር ነገር ነው። ጉግል ሌንስ ወይም ቲንአይ ላይ ፎቶውን ፈልጉ፤ አሮጌ ፎቶ በአዲስ ወሬ ተጠቅልሎ ከመጣ ብዙ ጊዜ የሚጋለጠው እዚያ ነው። እኔ ዘግይቼ ሞክሬ ምንም አላገኘሁም፤ የሰው የግል ሠርግ ኢንተርኔት ላይ ካልወጣ ከየት ይገኛል? ባዶ መምጣቱ ለማንም አይመሰክርም። የማታውቋትን ሴት ፎቶ በየድረ ገጹ መጫንም ራሱን የቻለ ነውር ነው፤ እኔ የሰው ሚስት ጭኛለሁ።

አሁን ደግሞ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የተሠራ ፎቶ መጥቷል። «ይህን ያህል በመቶ የማሽን ሥራ ነው» ብለው ቁጥር የሚሰጡ ድረ ገጾችም በሽ ናቸው። እውነተኛውን ሐሰት፣ ሐሰተኛውን እውነት የሚሉበት ጊዜ አለ፤ ፎቶው ሲያንስና ሲጨመቅ ደግሞ ይብሳቸዋል። በቁጥር ስለመጣ ስኒ መሆኑ አይቀርም።

ሠርጉ ተደርጓል፤ ለዚያ አትስጉ። ልጁ ለመታረቅ አንድ ወር ፈጀበት፤ እናቴ ናት ያስታረቀችው። ፎቶውን ማን እንደላከው እስከ ዛሬ አላወቅንም፤ አካውንቱ ጠፍቷል። የእህቴ ጓደኛ ግን ሠርጉ ላይ አልነበረችም። እህቴ ደጋግማ ደውላላት አላነሳችም።

ባለፈው ወር እኔ ራሴ ማተሚያ ቤቱ ድረስ ሄድኩ። ባነር እየቆረጠች ነበር። ስታየኝ መቀሱን አስቀመጠች እንጂ «ተቀመጥ» አላለችኝም። ይቅርታ ለመጠየቅ እንደመጣሁ ነገርኳት፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእህቴ አለመሆኑንም። ጥቂት ዝም አለችና «ያ ፎቶ አሁን አለህ?» አለችኝ። ለካስ ያን ሁሉ ጊዜ ስትከሰስ ፎቶውን ያሳያት ሰው አልነበረም! እህቴ በስልክ ሰደበቻት፤ እኔም ማሳየት ትዝ አላለኝም።

ስልኬን አውጥቼ ሰጠኋት። በጣቶቿ ከፈት አድርጋ አጎላችው፣ ወደ ግራ ጠርዝ ሳበችው፣ አንድ ደቂቃም አልፈጀባትም።

«ይሄ የተለጠፈ አይደለም፤ የተቆረጠ ነው» አለች። «ይሄ እጅ የማነው ብለህ አልጠየቅህም?»

ስልኬን መልሳ ሰጠችኝና መቀሷን አነሳች። «ወንድም ጋሼ» አላለችኝም።